የአህዪት ኮምፒውተርና የቀበሮ ምርቃት

አንድ ጊዜ፣ ከእንስሳት ገበያ አጠገብ፣ ሲሚንቶና እህል እየተሸከመች የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀለቧ እየቀነሰች ገንዘብ አጠራቀመች። ለምን መሰላችሁ? የራሷን የጌም ኮምፒውተር ለመግዛት! አትሳቁ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ዕቃ ተሸክማ የምትውል አህያ፣ ሥራ ስትፈታ እመት ጦጢት ጌም ቤት ገብታ የመኪና ውድድር ትጫወት ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሪ ስትጨብጥ ተሸካሚው ሌላ፣ ተቀማጯ እሷ ትሆናለች። ይቺን ታህል ደስታ ማን ይነፍጋታል? ነፋጊ ግን መቼም አይጠፋም።

እመት ጦጢት የጌም ቤቷን ኮምፒውተሮች በሙሉ በገዛ እጇ የገጣጠመች ባለሙያ ነበረች። አህዪት እሷን ብታማክር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባጭሩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ይሉኝታ ያዛት።

«የራሴን ከገዛሁ እኮ እሷ ቤት መሄድ መተዌ ነው» አለች ለራሷ። «ከገበያዋ የሚቀንስባትን ነገር እሷኑ አማክሪኝ ብዬ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ስለዚህ ለማንም ሳትናገር የገንዘብ ከረጢቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገበያ ወጣች።

በሩ ላይ የተቀበላት አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ደላላ ነው፤ ትናንት የቆዳ፣ ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንዲሉ፣ ራሱን «ኢንጂነር» እያለ ያስጠራ ነበር። ከልማዱ የተነሳ መጀመሪያ ያየው ታፋዋን ነው። ወዲያው ግን ከረጢቱን አየና ዓይኑን ወደዚያ አዞረ።

«ምን ልታዘዝ የኔ እመቤት? ኮምፒውተር? ለጌም? በይ ተከተይኝ! እኔ ኢንጂነሩ እያለሁ ማን ያታልልሻል!»

ይዟት የሄደው ወደ ቀበሮ ሱቅ ነው። ከባንኮኒው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፏል። ቀበሮ ገና ስትገባ ከላይ እስከ ታች አያትና ፈገግ አለ።

«ለመጀመሪያ ጊዜሽ ነው፣ አይደል እህቴ?»

«አዎ ጋሼ። ገንዘቤ ይቺው ናት፤ ከዚህ የሚተርፍ የለኝም።»

«አይዞሽ፣ በልክሽ እሠራልሻለሁ። ከሁሉም ዋና ዋናውን ልስጥሽ። ፕሮሰሰር፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ ይኸውልሽ። ማዘርቦርድ፣ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ይኸውልሽ። ራሙም፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ይኸው። የጌሙን ሥዕል የሚያሳምረው ግራፊክስ ካርድ፣ ግዝፈቱን እይልኝ! ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉም የሚገባበት ሳጥን። አለቀ!»

ዋና ዋናውን አለ እንጂ፣ ያወረደው ሁሉ ገዥ አጥቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ይስማማ አይስማማ ጉዳዩም አልነበረም። እንዲያውም ባይስማማ ይመርጣል።

አህዪት የተሸካሚ ዓይን አላት። ምን በምን ላይ እንደሚቀመጥ በማየት ብቻ ታውቃለች። ረጅሙን የካርድ ካርቶን አየች፤ ትንሿንም ሳጥን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ እዚህች ውስጥ ይገባል?»

ቀበሮና ጅብ ተያይተው ሳቁ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የጤፍ ጆንያ አይደለም!» አለ ቀበሮ።

«አህያና ኮምፒውተር!» እያለ ጅብ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ።

አህዪት አፈረች። ቀበሮም ማፈሯን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ቀለሙ የሚቀያየር መብራት ከመሳቢያ አወጣ።

«ይቺ ደግሞ ከእኔ ምርቃት! ለሌላ ሰው አላደርገውም፣ ለአንቺ ስለሆነ ነው።»

አበቃ። «እህቴ» ብሎ፣ መርቆ የሰጠን ነጋዴ ካርቶኑን ክፈትና አሳየኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ከረጢቷን አራግፋ ከፈለችና ያንን ሁሉ ካርቶን በራሷ ጀርባ ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቷ ስትደርስ ፕሮሰሰሩን ልትሰካ ሞከረች፤ እንቢ አለ። ራሙን ሞከረች፣ እሱም እንቢ አለ። ካርዱማ ግማሽ አካሉ ከሳጥኑ ውጭ ቀረ። የሠራው መብራቱ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ የሚቀልድባት ይመስል ነበር። በመጨረሻ ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ ሁሉንም ተሸክማ እመት ጦጢት ዘንድ ሄደች።

ጦጢት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያየች ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ፕሮሰሰር ለዚህ ሰሌዳ የተሠራ አይደለም። ራሙ የድሮ ዓይነት ነው፣ ቀዳዳው ሌላ ነው። ፓወሩ ደግሞ ይህን ካርድ ሊመግብ ቀርቶ ለራሱም አቅም የለው። ማን ነው እንዲህ የሠራሽ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጌም ቤትሽን ልተው ስለሆነ… አፍሬ።»

«አፍረሽ?» ጦጢት ጮኸች። «እሱ ሲዘርፍሽ ሳያፍር፣ አንቺ ለመጠየቅ ታፍሪያለሽ?»

ይህ ቃል አህዪትን ልቧ ላይ አገኛት። ካርቶኖቹን ቤቷ አራግፋ በቀጥታ ወደ ቀበሮ ሱቅ ሄደች። ቀበሮ ቀና ብሎም አላያት፤ በጣቱ ብቻ ጽሑፉን አሳያት።

«ማንበብ አትችይም? የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከጨነቀሽ ግን ያገለገለ ነው ብዬ በሩብ ዋጋ እገዛዋለሁ። ወይ ደግሞ ገንዘብ ጨምሪና የሚገጥመውን ልስጥሽ።»

አህዪት ጆሮዋ ቆመ። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት የሲሚንቶ አቧራ የዋጠችበት ገንዘብ!

«አንተ ዕቃ አልሸጥክልኝም!» አለች፣ ድምፅዋ ገበያውን እያናወጠ። «አለማወቄን ነው የነገድክበት! ና፣ ዳኛ ፊት እንሂድ!»

ዳኛው አንበሳ ገበያው መሀል ጠግቦ ተጋድሟል። ቀበሮ ቀድሞ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ አንድ የተሰበረ ዕቃ ሸጬ ከሆነ ቆዳዬን ይግፈፉት። እያንዳንዱ ጤነኛ ነው። እርስ በርስ ባይስማሙ የእኔ ጥፋት ነው? እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁ፣ አላስታርቃቸው!»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ አንበሳ እያዛጋ።

እውነቱን ነው? አህዪት ደሟ ፈላ።

«ጌታዬ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። ስለ ጭነት ግን አውቃለሁ። የግመል ኮርቻ በፍየል ጀርባ ላይ አስሮ፣ ፍየሏ ስትወድቅ ‹ኮርቻውም ጤነኛ፣ ፍየሏም ጤነኛ› የሚል ነጋዴ ቢመጣ ይለቁታል? ይገባል ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። የመለሰልኝ በሳቅ ነው!»

አንበሳ ማዛጋቱን ተወ። ከሱቁ ተከትሏቸው ወደመጣው ጅብ ዞረ።

«አንተ ኢንጂነር ነኝ ባይ! ዕቃዎቹ እንደማይገጥሙ ታውቅ ነበር?»

ቀበሮ ዝም በል ለማለት በዓይኑ ጠቀሰው። ጅብ ግን ሐሳቡ ሁሉ ገንዘቡ ላይ ስለነበር፣ ጥቅሻውን «ተናገር» የማለት ምልክት አድርጎ ወሰደው።

«እንዴታ ጌታዬ! ካልገጠመ አይደል ተመልሳ የምትመጣው? እንዲያውም ዳኛ ፊት ከቆምን አይቀር አቤቱታ አለኝ። ለሽያጩ አንድ ኮሚሽን፣ ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ኮሚሽን ብሎኝ ነበር። ይኸው መጥታለች። የሁለተኛውን ይክፈለኝ!»

ገበያው ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ፈነዳ። ቀበሮ ጭራውን እግሮቹ መሀል አስገባ።

«ከአነጋገር ይፈረዳል» አለ አንበሳ ተነሥቶ። «ቀበሮ፣ ገንዘቧን ሳታጎድል አሁኑኑ መልስ። ጽሑፉንም ከግድግዳህ አንሣ። ዕቃዎቹን ደግሞ ከቤቷ ድረስ ሄደህ በራስህ ጀርባ ታመጣለህ። አያ ጅቦ፣ ኮሚሽንህ እንዳይቀርብህ፣ ከባድ ከባዱን ካርቶን አንተ ትሸከማለህ።»

አህዪት ገንዘቧን ይዛ ከጦጢት ጋር ሌላ ሱቅ ገባች። በዚህኛው ሱቅ ካርቶን ሁሉ ተከፈተ፣ አንዱ ከአንዱ እየተገጠመ ታየ። ፕሮሰሰሩ መካከለኛ፣ ካርዱ አጠር ያለ ሆነ፤ መብራት የሚባል የለውም። ግን ሁሉም ይስማማል። ለመሪውም ገንዘብ ተረፋት።

«ጌም ቤትሽን ልተወው ነው እኮ» አለች አህዪት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ታሸንፊኛለሽ» አለች ጦጢት።

ቀበሮና ጅብ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አህዪት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መኪና እየነዳች ነበር። ጅብ ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ወገቡን ያዘ። ቀበሮም ጭነቱ አጎብጦት በሩ ላይ ቆመ።

«ይከብዳል እኮ እህቴ! እስከ መንገዱ እንኳ ብታግዢኝ…»

አህዪት ልማድ ሆኖባት ጀርባዋን ልታቀርብ ቃጣት። ግማሽ ያህል ተነሣች። ከዚያ መብራቱን ከመደርደሪያ አነሣችና ካርቶኑ ላይ ጨመረችለት።

«ይቺ ደግሞ ከእኔ ምርቃት» አለች። «እንደሚከብድም አውቃለሁ፤ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ተመልሳም ተቀመጠች፣ መሪዋንም ጨበጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ በላባችን ያገኘነውን ከማውጣታችን በፊት ዕቃው ከዕቃው መግጠሙን ሳናፍር መጠየቅ እንዳለብን ነው፤ ነውሩ አለማወቅ ሳይሆን በሰው አለማወቅ መነገድ ነውና።