ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ ድረሴ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ወንበርም ሆነ ጠረጴዛ የሚታደለው በሹመት ልክ ነበር። አዲስ ኮምፒውተሮች ሊገጣጠሙ ሲሉ፣ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድም ትልቅና ትንሽ እንዳለው ሰሙ። ወዲያው ሠራተኛውን ቢሯቸው ሰብስበው ገጣጣሚውን አስጠሩት።

«ትልቁን ለእኔ፣ ትንሹን ለመዝገብ ቤቷ ለወይዘሮ አልጋነሽ» አሉት።

«ጌታዬ፣ መጠኑ የሚመረጠው በሥራው ነው» አለ ገጣጣሚው። «እሳቸው የሠላሳ ዓመት መዝገብ ስለሚያስገቡበት ብዙ ዲስክ ይሰካበታል፤ ትልቁ የሚሆነው ለእሳቸው ነው። ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ትንሹ ይበቃል።»

አቶ ድረሴ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔ ከመዝገብ ቤት ላንስ ነው? በል፣ ለእኔ የሚገባኝን መጠን እዚሁ ሰው ፊት ተናገር። ካላወቅህበት ሁለተኛ ይህችን ግቢ አትረግጣትም።»

ገጣጣሚው ጥግ ላይ ወዳለው የኃላፊው አሮጌ ኮምፒውተር ዞረ። ከተገዛ ጀምሮ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ተቀምጧል። ሲበራ ያየ ሠራተኛ የለም።

«ለእርስዎስ ማዘርቦርድም አያስፈልግዎትም» አላቸው። «ትልቅ ባዶ ሳጥን አመጣልዎታለሁ። የዳንቴሉን ልክ ብቻ ይንገሩኝ።»