የመስኮቱ ድራማ

«እማዬ፣ ድራማ ላይ ያሉ ሰዎች ለምንድነው ዝም ብለው መስኮት የሚያዩት?» ብላ የድራማ ስቱዲዮ ጽዳት ሠራተኛዋን ዘርትሁንን ልጇ ጠይቃት ነበር።

አንድ ቀን አዘጋጁ አቶ ልሳነወርቅ፣ መስኮት ላይ ልጇን ስትጠብቅ ስለምታድር አንዲት እናት የሠሩትን፣ የተሸለመውን ድራማቸውን ለሠራተኛው አሳዩ። ሲያልቅ ግማሹ «ዝምታው ነው ያሸለመው!»፣ ግማሹ «ተዋናይዋ ናት እንጂ!» እያለ ሲከራከር ዘርትሁን ከኋላ ታንኮራፋለች።

«አንቺ! በእኔ ድራማ ትተኚያለሽ? ምክንያትሽን ተናገሪ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«ኧረ ጋሼ፣ እናትየዋ አንጀቴን በልታኝ እኮ ነው! ምስኪን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኗን አልከደነችም። እርስዎ እንደሆነ አላስተኟት፤ እኔ ካልተኛሁላት ማን ይተኛላት?»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ አቶ ልሳነወርቅም ሳቃቸው አመለጣቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዘርትሁን ኪዳን አድርሳ ሥራ ገባችና፣ ከሁሉ አስቀድማ የመቅረጫ ክፍሉን መስኮት ወለወለች፤ «የሚያዩት ነገር እንኳ ይጥራላቸው» ብላ።