ማንጠግቦሽና የተዘጋው በር

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ላሟም የለች፣ በረቱም ባዶ ነው። የሚያስቅ ተረት አይደለም። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ በአያቶቻችን አያቶች ዘመን፣ ተራራ ላይ የተቆረቆረች፣ ሰገነት የምትባል ከተማ ነበረች። ዙሪያዋ ግንብ ነው። በሯ አንድ ነው። ከተራራው ሥር ሜዳ አለ፤ ሜዳው ላይ ገበሬዎች ይኖራሉ። ከተማው አያርስም፤ ገበሬውም ብረት አይቀጠቅጥም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ጎመኑን፣ ወተቱን ይዞ ይወጣል፤ ጨውና ማረሻ ይዞ ይወርዳል። እንዲህ እየተደጋገፉ ብዙ ዘመን ኖሩ።

ከገበሬዎቹ አንዷ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ምንጩ ዳር ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ትተክላለች፤ ሁለት ላሞች አሏት። ልጇ አንዲት ናት፣ ደብሪቱ፤ እሷንም ለከተማ ሰው ድራታለች። ቅዳሜ ሲሆን ማንጠግቦሽ ጎመኗን ሸጣ ልጇ ቤት ትገባለች። እናትና ልጅ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ትወርዳለች። ሌላ ደስታ አታውቅም፤ ሌላም አልተመኘች።

አንድ ዓመት ክፉ በሽታ ገባ። ማለዳ ያሳለው ሰው በሦስተኛው ቀን ይቀበራል። ሰዉ «ትንፋሽ ቆራጭ» አለው። መጀመሪያ የሞተው የነጋድራስ ወንድይራድ በቅሎ ነጂ ነበር። ነጋድራስ ወንድይራድ ማለት ከታላቁ ወንዝ ማዶ፣ ከሌላ ንጉሥ አገር፣ እህልና ጨርቅ በበቅሎ የሚያስመጣ የከተማው ሀብታም ነው። በሽታው ከማን በቅሎ ጋር እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የተናገረ ግን የለም። ባለጠጋን ማን ይናገረዋል?

ንጉሡ ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር። መኳንንቱን ሰብስቦ ምን ይሻላል ብሎ ሲጠይቅ ነጋድራሱ ቀድሞ ተነሣ። በሽታውን የሚያመጣው የገበሬው እግር ነው፣ በሩ ይዘጋ፣ እህሉን እኔ ከማዶ አስመጣለሁ አለ። ንጉሡ እሺ አለ። በሩ ለገበሬ ተዘጋ፤ ለነጋድራሱ በቅሎ ብቻ የሚከፈት ሆነ።

ማንጠግቦሽ ይህን አልሰማችም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጎመኗን ቆርጣ፣ ባቄላ እሸቷን ለቅማ፣ አህያዋን ጭና ወጣች። በረኛው ዘለቀ ያውቃታል፤ ስንት ዘመን ሰላም ሲባባሉ ኖረዋል። ያን ቀን ግን ጦሩን አጋድሞ ከሩቅ አቆማት። የንጉሥ ትእዛዝ ነው፣ ተመለሽ አላት። ልጄንስ አይቼ ልመለስ ብላ ለመነችው። ዓይኗን ማየት አቃተውና ወደ ግንቡ ዞረ። ተመለሰች። ጎመኑ እቤት ደርሶ ጠወለገ፣ ቢጫ ሆነ፣ ሸተተ። የጎረቤቶቿም ምርት እንዲሁ ሆነ። ሜዳው ሁሉ በምግብ ተሞልቶ በሰበሰ። ጨው ግን አልነበራቸውም።

ማንጠግቦሽ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ ሰነበተች። ሰው ከሰው ካልተጠጋ በሽታው እንደማይዝ አይታለች፤ በሜዳው ተራርቆ የሚኖረው ገበሬ እንደ ከተማው አላለቀም። ከበሩ በታች ደግሞ እንደ ገበታ የተዘረጋ ድንጋይ አለ። ዘዴ መጣላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወተት በቅል፣ ገብስ በስልቻ ይዛ ወጣች። ከሩቅ ቆማ ዘለቀን ጠራችው።

«ልጄ፣ ለጃንሆይ ንገርልኝ። እኛ ምግቡን ከዚህ ድንጋይ ላይ አኑረን ወደ ኋላ አርባ እርምጃ እንራቅ። የከተማው ሰው ወጥቶ ይውሰድ፤ ማረሻውን በፈላ ውኃ አጥቦ ከጨው ጋር በቦታው ይተውልን። እጅ ከእጅ አይነካካ። እናንተም አትራቡም፣ እኛም ማረሻ አናጣም።»

ዘለቀ ሮጦ ነገረ። ንጉሡ ነገሩን ወደደው፤ ይህች ሴት አእምሮ አላት አለ። ነጋድራሱ ሳቀ። የበቅሎ ጭነቴ እያለ የሰገነት ንጉሥ ከድንጋይ ላይ ይለቅማል ወይ? ማዶ ያሉት ቢሰሙ ምን ይላሉ? አለ። ንጉሡ አፈረ። ሴትዮዋን መልሱ፣ ዳግመኛ የሚጠጋ ገበሬ በድንጋይ ይወገር አለ። ወታደሮች ወጥተው ወተቱን መሬት ላይ ደፉት።

ያኔ ከግንቡ ላይ ድምፅ ሰማች።

«እማዬ!»

ቀና ብትል ደብሪቱ ናት። ጉንጯ ጎድጉዷል። ባሏን በሽታው ወስዶባታል። የነጋድራሱ እህል ነቀዝ የበላው ነው፣ እሱም ቢሆን ወርቅ ላለው ነው እያለች አለቀሰች። ከዚያ መቀነቷን ፈትታ በግንቡ ላይ ቁልቁል ለቀቀችው። ማንጠግቦሽ ሮጣ የገብሱን ስልቻ ከመቀነቱ ጫፍ አሰረች። ደብሪቱ ሳበች። ስልቻው አንድ ክንድ ወጣ። ሁለት ክንድ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ ወታደር መቀነቱን በጎራዴ ቆረጠው። ስልቻው ወድቆ ተተረተረ፤ ገብሱ በድንጋዮች መካከል ፈሰሰ። ወታደሮቹ ድንጋይ አነሡ። እናቲቱ እየሸሸች ወደ ኋላዋ ስታይ፣ ልጇ እንደቆመች ነበረች።

ክረምት ገባ። የገበሬው ማረሻ አልቆ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩ ከግንቡ ወዲያ ነው። በዶማና በእንጨት መሬቱን ጫሩት። የተዘራው ከእርሻው ሩቡ ብቻ ነው። ለማይገዛኝ ምን ብዬ ላርስለት ብሎ በሬውን ያረደም ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ጎመኗን ተከለች። ለምን እንደምትተክል ቢጠይቋት፣ እጄ ሌላ አያውቅም አለች።

ከዚያ የነጋድራሱ በቅሎዎች ቀሩ። በሽታው ታላቁን ወንዝ ተሻግሮ ነበር። የማዶው ንጉሥ፣ እህሌ ለሕዝቤ ነው ብሎ የወንዙን መሻገሪያ መልካ ዘጋ። ሰገነት በግንቧ ውስጥ ተራበች። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ የነበሩትን በቅሎዎች በላች። ቀጥላ ውሾቹን በላች። በመጨረሻም የጫማ ጠፍር እስከመቀቀል ደረሰች።

ዓመቱ ሲዞር ለሦስተኛ ጊዜ ማንጠግቦሽ፣ ልጄን ካላየሁ ልሙት ብላ ወጣች። የሚወግራት አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ንጉሡ ራሱ በእግሩ ቁልቁል ይመጣል፤ ከጎኑ ዘለቀ ብቻ አለ። ሁለቱም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከድንጋዩ ዘንድ ተገናኙ።

«እመቤት፣ ሕዝቤ አለቀ» አለ ንጉሡ። «እህል አላችሁ?»

«ጃንሆይ፣ ልጄስ?»

ንጉሡ ልጇን አያውቃትም። ዘለቀን አየው። ዘለቀ ራሱን ደፋ።

«ሳምንቷ ነው» አለ። «እትዬ፣ በሽታው አይደለም የገደላት። ጠኔ ነው።»

ማንጠግቦሽ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እጇን ገለበጠችና አየችው፤ አፈር አለበት።

«ዓመት ሙሉ ጎመን ገደል ስጥል ከረምኩ» አለች። «ልጄ እዚህ በረሃብ ትሞታለች፣ እኔ ጎመን እጥላለሁ።»

 ተነሥታ ወደ ሜዳው ወረደች።

ገበሬዎቹ ነገሩን ሲሰሙ ግማሹ፣ ይራቡ እንጂ፣ ወተታችንን የደፉ እነሱ አይደሉም ወይ አለ። እውነት ነው። ማንጠግቦሽ ደረቷን እየደቃች ለብቻዋ እያለቀሰች ነበር፤ ሁሉም እሷን ያይ ጀመር። 

«የደፋው ከመቶ አንዱ ነው» አለች። «እዚያ ግንብ ውስጥ የሌላ ሰው ደብሪቱ አለች። እሷን ነው የምናበላው።»

የቻለው ያለውን አወጣ። ግን ያለው ጥቂት ነበር፤ ሩብ እርሻ ሙሉ ከተማ አያጠግብም። ምግቡን ከድንጋዩ ላይ አኑረው አርባ እርምጃ ራቁ፤ የከተማው ሰው እየተንፏቀቀ ወጥቶ ወሰደ። ማረሻውን በፈላ ውኃ አጥቦ ከጨው ጋር ተወ። ዓመት ሙሉ ያስፈራቸው ነገር በአንድ ጠዋት ተፈጸመ። በዚያ ገበያ ትንፋሽ ቆራጭ የያዘው አንድም ሰው አልነበረም። ከሰገነት ሰው ግን ከሦስቱ የተረፈው አንዱ ነው።

ነጋድራስ ወንድይራድ ወርቁን ተሸክሞ ወደ ማዶ ሸሸ። የመልካው ጠባቂዎች፣ በሽታ ይዘህብን መጣህ፣ ተመለስ አሉት። ቢመለስ የሰገነት በር ተዘጋበት። በሁለት በሮች መካከል፣ በምድረ በዳ፣ ወርቁን ታቅፎ ሞተ። አሞራ ወርቅ አይበላም፤ እሱን ብቻ በላው።

ንጉሡ ማንጠግቦሽን አስጠርቶ ምን ልስጥሽ አላት። ርስት ልስጥሽ፣ ወርቅ ልስጥሽ አላት። «የነበረኝን ወስደውታል፣ ጃንሆይ» ብላው ወጣች። ንጉሡም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማዶ እህል ቀድሞ የሚበላው የሜዳው ገብስ ነው ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁ መልካም ነበር። የሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ከመሬት በታች ነበር።

ማንጠግቦሽ እስክትሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን ይዛ ትወጣ ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ግቢ ይሏታል። አንድም ቀን አልገባችም።

ተረቴን እዚህ ላይ ልተወው፤ እንጀራችሁን ስትቆርሱ ያረሰውን አስቡ። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው።