በደቂቃ የሚከፈልበት ጌም

አንዲት የቪዲዮ ጌም ሠሪ ነበረች፤ ስሟ ምንትዋብ። መደበኛ ሥራዋን ለቅቃ ሁለት ዓመት የደከመችበት ጌም፣ ማዕበል ሳይነሳ መንገደኞቹን ሐይቅ ሊያሻግር የሚጣደፍ የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነበር።

ጌሞችን ከሩቅ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ወደ ሰው ስልክ የሚያደርሱ ሁለት ነጋዴዎች ይህን ጌም ፈለጉት። ወይዘሮ ሐናን ተጫዋቹን አንድ ጊዜ አስከፍለው እስኪጠግብ ያጫውታሉ፤ ለሠሪውም ከእያንዳንዱ ገዢ ድርሻ ይሰጣሉ። አቶ ደምሰው ደግሞ በወርኃዊ ክፍያ ሁሉንም ጌም ይከፍታሉ፤ ለሠሪው የሚከፍሉት ግን ሰዎች በተጫወቱት ደቂቃ ልክ ነው። ደንበኞቻቸው እጅግ ብዙ ስለነበሩ ምንትዋብ እሳቸውን መረጠች።

ውሉ ሊፈረም አምስት ቀን ሲቀረው አቶ ደምሰው ደወሉ።

«ጌምሽ በሁለት ሰዓት ያልቃል እኮ! ቶሎ የጨረሰ ደንበኛ የሚቀጥለውን ወር አይከፍለኝም። እስከ ዓርብ ድረስ ስድስት ሰዓት የሚያጫውት አድርጊው። ካልሆነ በቦታው ሌላ ጌም አዘጋጅቻለሁ።»

ምንትዋብ ደነገጠች። ቀን ከሌት ሠርታ ሐይቁን አሰፋችው። መቅዘፊያው ደጋግሞ እንዲሰበር፣ ቀዛፊውም ከመሀል ሐይቅ ተመልሶ እንደገና እንዲነሳ አደረገች። ሐሙስ ከሰዓት ጌሙን ለጎረቤቷ ለጋሽ ወርቅነህ አስሞከረቻቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ጌሙን ሳይረዝም በፊት ተጫውተው ሲጨርሱ ከወንበራቸው ተነስተው አጨብጭበው ነበር። አሁን ፊታቸውን እያየች አጠገባቸው ተቀመጠች። መቅዘፊያው ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰበር ስልኩን አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህ ቀዛፊ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምታንከራትቺው?»

ፊቷ ጋለ። እዚያው ተቀምጣ ደወለች።

«አቶ ደምሰው፣ መጀመሪያ የሠራሁትን ነው የማስረክብዎ።»

«ፊርማው እኮ ነገ ነው! አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«እንግዲያው አልተስማማንም።» ስልኩ ተዘጋ።

ጌሙን ወይዘሮ ሐናን ወሰዱት። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር፤ ገዢው ጥቂት ስለሆነ ምንትዋብ ኑሮዋን ለመደጎም ለሱቆች ማስታወቂያ መሥራት ጀመረች። ነገር ግን ጌሙን የጨረሱት ለወዳጆቻቸው ያወሩ ነበርና በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ ጌሟን ለመጀመር በቃች። የአቶ ደምሰው ድርጅትም አልከሰረም፤ እንዲያውም ሰፋ።

አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥራን በደቂቃ የሚለካ ሰው ደቂቃ እንዲበዛለት ይፈልጋል፤ በደቂቃ የሚከፈለውም ሳይታወቀው ሥራውን ማንዛዛት ይጀምራል። አስተማሪም፣ ሐኪምም፣ ጸሐፊም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ውል ስንፈርም ስንት እንደምናገኝ ከጠየቅን በኋላ፣ ሥራችን በምን እንደሚለካም እንጠይቅ።

እርስዎስ፣ ዛሬ ከሠሩት መካከል ለሰው ሳይሆን ለመለኪያው ብለው የጨመሩት ነገር ይኖር ይሆን?