ሙጫ ያወጣው ጣውላ

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሥራውን ግን ልንገራችሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነበር። የሰው ጆንያ ሲፈታ፣ የሰው ካርቶን ሲገለብጥ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑን ለቀቀ፤ መጠርጠሩን ግን አለቀቀም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፤ ትርሲት እንበላት። እናቷ ሞታለች። እናትየው የተዳረችበት ጥልፍ ቀሚስ ግን አለ። ለትርሲት ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ቀን ሲቆረጥላት «አባዬ፣ እኔ የምዳረው በእማዬ ቀሚስ ነው» አለችው። «እንግዲያው እስከዚያው ብል የማይደፍረው ሣጥን በገዛ እጄ እሠራልሻለሁ» አላት። ጓሮው ውስጥ መጋዝና መላጊያ ነበረው፤ እጁም አይሰንፍም።

ጣውላ ተራ ሄደ። ድንበሩ የሚባል ሻጭ ቀላ ያለ ጣውላ አወጣለት።

«ለልብስ ሣጥን ከሆነ ይኼን ይውሰዱ፤ የስፔን ዝግባ ይሉታል።»

«ከስፔን ነው የመጣው?»

«አይ፣ ከአንድ አሮጌ የቡና እርሻ ነው። ለጥላ ተተክሎ የነበረ ነው።»

«እሺ፣ ዝግባስ ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ዝግባም አይደለም። ስሙ ነው እንጂ። ግን ያሽትቱት፤ ብል ይኼን ሽታ አይወድም።»

ሰውየው በልቡ ምን አለ? «በስሙ የዋሸ በምኑ ይታመናል?» አለ። ጣውላውን አንኳኳው፤ በጥፍሩ ፋቀው፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ በምላሱ ቀመሰው። እንከን ስላጣበት ግራ ገብቶት ገዛው።

«ጥላ ሥር ያክርሙት፤ ፀሐይ አያሳዩት» አለው ድንበሩ።

ይህንንም ጠረጠረ። ከፀሐይ የሚደበቅ ምን ጉድ ቢኖረው ነው? ቤቱ እንደ ገባ ወስዶ ቆርቆሮ ላይ አሰጣው!

በሦስተኛው ቀን ጣውላው ፊቱ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ አወጣ። «ቀብተውታል! ባሕር ዛፍ ላይ ሽቶና ሽሮፕ ቀብተው ሸጡልኝ!» ብሎ ተሸክሞት ተመለሰና ገበያው መሃል ጮኸ፤ «እናንተ ሰዎች! ይህ ሰው የተቀባ እንጨት ነው የሚሸጠው!»

ድንበሩ ጠብታውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የራሱ ሙጫ ነው። ሽታውም ከዚሁ ነው። ፀሐይ አሳይተውት ነው የወጣው። በአልኮል ጠርገው ጥላ ሥር ቢያቆዩት ይተዋል።»

«እኔን ነው የምታታልለው? እንዳንተ ያለውን ስንቱን ይዣለሁ!»

ድንበሩ ገንዘቡን መለሰለት። ሰውየውም ማዶ ካለው ሱቅ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ የሌለው ጣውላ ገዛ። ይህንኛውን ሻጭ አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። ለምን ይጠይቀው? ጣውላው ፊቱ ንጹሕ ነዋ!

ሣጥኑን አሳምሮ ሠራው። ቀሚሱን አስገባ፤ ቆለፈ፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ።

ፋሲካ አለፈ። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከፈቱት። ትርሲት ቀሚሱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። በጥልፉ መካከል ብርሃን አለፈ። ደረቱ ወንፊት ሆኗል።

ሰውየው መጀመሪያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ማነው ሣጥኑን የከፈተው?» አለ።

ትርሲት አንገቱን አየች። «አባዬ፣ ቁልፉ ካንተ አንገት ወርዶ ያውቃል?»

ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ።

በማግሥቱ ጣውላ ተራ ሄደ። ድንበሩን ወደ ጓዳ አልጠራውም። የጮኸበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ የጮኸውን ያህል ጮኸ፤ «ሌባው እኔ ነኝ! የዚህን ሰው ስም የሰረቅሁት እኔ ነኝ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ጣውላስ?» አለው።

«የሚገዛው ጠፋ። የተቀባ ነው ተብሎ የለ? ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት» አለው ድንበሩ።

ወገኖቼ፣ ያ ጣውላ ይኸው ከኋላዬ አለ። የመዘምራናችን ልብስ የሚቀመጥበት ሣጥን ነው። እስከ ዛሬ ብል ያየበት አለ?

ሰውየውም ዛሬ እዚሁ ተቀምጧል። ንገርልኝ ያለኝ ራሱ ነው። ማን ይሆን ብላችሁ ወደ ጎናችሁ እያያችሁ ነው፣ አይደል? አያችሁ፣ መጠርጠር እንዴት ይቀላል!

ተጠራጣሪ ሰው ማንንም አያምንም ያለው ማነው? ያምናል እንጂ! ፊቱ የለሰለሰለትን ያምናል። እውነቱን የነገረውን ይመረምራል፤ ያልነገረውን ሳይጠይቅ ቤቱ ያስገባል። እናንተስ? ፀሐይ ላይ ራሳችሁ አስጥታችሁት፣ ሙጫ ሲያወጣ «ድሮም ቀለም ነበር» ያላችሁት ሰው የለም? ባል የለም? ምራት የለችም? በእናንተ አፍ ምክንያት የሚገዛው ያጣ ጎረቤት የለም?

ትርሲት በዚያው ቀሚስ ተዳረች፤ ደረቷን በነጠላ ሸፍና። ቀዳዳው እስከ ዛሬ አለ። ይቅርታ የድንበሩን ስም መለሰ፤ የእናቷን ጥልፍ ግን አልመለሰም። ስለዚህ አትዘግዩ።

ስትወጡ ሣጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ፤ ስሙን ወዳጠፋችሁት ሰው ሂዱ። በአደባባይ ከሰደባችሁት፣ በአደባባይ።