የጾም ቬፕ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው ያለው፣ ታሪኩን ንገርልኝ ያለኝም ራሱ ነው። ሲጋራ ያጨስ ነበር። ለንስሐ አባቱ ለአባ ገብረ ሕይወት «እተዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ተወም። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ ሲጋራውን ተወ! በምትኩ ቬፕ ገዛ፤ ያችን በባትሪ የምትሠራ፣ ፈሳሽ እየተሞላባት እንፋሎቷ የሚሳብ ዕቃ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሰውየው ፈሳሹ ሲያልቅበት ሁልጊዜ ወደሚገዛበት፣ ወደ ፌቨን ሱቅ ሄደ። ፌቨን ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛ ሥር አውጥታ ደረደረችለት። አንዱን ከፍቶ አሸተተ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንጆሪ በክሬም። አሪፍ ነው፣ ሁሉም እሱን ነው የሚወስደው።»

«ክሬም?» እሳት እንደነካው ሰው መልሶ አስቀመጠው። «እህቴ፣ ጾም እኮ ነው!»

«ኧረ ወንድሜ፣ ጣዕሙ ነው እንጂ ወተት የለበትም።»

«ቢሆንም። የጾም የሆነ ስጪኝ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማንጎ ከናና ጋር ቀላቀለችለት። ሞከረው።

«ይጣፍጣል፤ ግን ለዘብ አለብኝ። ጉሮሮዬን መታ ካላደረገኝ የሳብኩ አይመስለኝም።»

ኒኮቲኑን ጨመረችለት። አሁን መታው። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር አሳለው። አመስግኖ፣ ጾሙን አክብሮ ወጣ።

ወገኖቼ፣ ሰው ጉሮሮውን የሚመታውን ከፍሎ ይገዛል? ይገዛል! መርጦ፣ አሽትቶ፣ አስቀላቅሎ ይገዛል!

በሌላ ቀን የንስሐ አባቱን አገኛቸው።

«ጾሙ እንዴት ይዞሃል፣ ልጄ?»

«ይመስገን አባ። ክሬሙን እንኳ ትቼ በማንጎ ቀይሬዋለሁ።»

አባ ግራ ገባቸው። «የምኑን ክሬም?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው፤ ጣዕሙን፣ አመታቱን፣ ሁሉንም አስረዳቸው። እስኪጨርስ ሰሙት። አልተቆጡም። «እንግዲያው ጾም ነውና እስከ ፋሲካ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰውየው ሊሰጣቸው ፈለገ። እውነት እላችኋለሁ፣ ፈለገ! ጣቶቹ ግን አልላቀቅ አሉ። ሥጋና ወተት ትቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው፣ ይህችን ጣት የምታህል ዕቃ መስጠት አቃተው። ያን ጊዜ ፈራ። እኔ መርጬ ገዛኋት ያላት ዕቃ፣ ለካ ጌታው ኖራለች!

ከፍርሃቱ ቀጥሎ ተቆጣ። «አንቺ ነሽ እንዴ የምታዢኝ?» ብሎ ጮኸባት፤ እዚያው አባ ፊት! «አልታዘዝሽም!» በመዳፋቸው ላይ አስቀምጧት ወጣ።

በዚያው ዳነ ብዬ ላስጨብጭባችሁ? አላደርገውም። እንቅልፍ አጣ። ሚስቱ ላይ ተነጫነጨ። አንድ ቀን ፌቨን ሱቅ በር ድረስ ሄዶ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ተመለሰ። ዛሬም እየታገለ ነው። ግን ቀድሞ ተኝቶ ነበር፤ አሁን ቆሞ ነው የሚታገለው!

እናንተስ? በሰው ቬፕ የምትስቁት እናንተስ? ሐሜቱን «ለጸሎት እንድታስቧት ብዬ ነው» እያላችሁ የምታጣፍጡት? ጉቦውን «የሻይ ናት» የምትሉት? ወንድማችሁን ዘግታችሁ «ቂም የለኝም፣ ዝም ብዬ ነው» የምትሉት? የጾም ጣዕም ያለው ኃጢአት ከየት አገኛችሁ?

ሰይጣን ስትመርጡ ደስ ይለዋል። እንጆሪውም የእሱ፣ ማንጎውም የእሱ! ለእሱ ምን ቸገረው? «ይኼኛው ይሻላል፣ ያኛው ይከብዳል» ስትሉ ከሱቁ እስካልወጣችሁ ድረስ ደንበኛው ናችሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያሳብደው፦ እምቢ!

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ያችን ነገር አውጧት። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ አትተያዩ! እግዚአብሔር «ስጡኝ» ቢላችሁ እጃችሁ ይከፈታል? ካልተከፈተ ማን እንደሚያዛችሁ አወቃችሁ ማለት ነው። አውቃችሁ ዝም ልትሉ ነው? ዝም አትበሉ! ፊት ለፊት እምቢ በሉት! ጠዋት ተመልሶ ሲመጣ እንደገና እምቢ በሉት! የክርስቶስ ደም የተከፈለለት ሰው ለማንጎ ባሪያ አይሆንም!