ጓንጉል የጠበቀው ነጎድጓድ

የምነግራችሁ ታሪክ አንዲት ፍሬ ውሸት ካለበት፣ የዘንድሮ ገብሴን ወፍ ይልቀመው። እንዲያውም ቀንሼ ነው የምናገረው፤ ሙሉውን ብዘረግፈው የሚችለው ጆሮ የለም። የወይራ አምባ ሰዎች አንድ ሰው ንስሐውን ከዛሬ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ መኸር ሲያሻግር ያዩት እንደሆነ የሚጥሉበት አባባል አላቸው። አባባሉ ከሜዳ የተለቀመ እንዳይመስላችሁ። እናትና አባት አለው፤ አባቱ ጓንጉል፣ እናቱ ትርንጎ ናቸው።

ጓንጉልን የሚያህል አራሽ ከዓባይ ወዲህም ሆነ ወዲያ አልተፈጠረም። ጅራፉን አንዴ ሲያጮኸው የማዶ ሰዎች በሬዎች ሳይጠመዱ ወደ እርሻ ይወጣሉ። የጾሙ ነገርማ አይነሣ። ረቡዕ ቀን ዝንብ ከወተት ዕቃ ተነሥታ ጋቢው ላይ ብታርፍ፣ ጋቢውን ሳያጥብ ቤቱ አይገባም። በበዓል ቀን እንኳንስ ሞፈር ሊይዝ፣ የሞፈሩን ስም አይጠራም።

ታዲያ ይህ ጻድቅ አንዲት ነገር ነበረችበት። ማሳው ባል ከሞተባት ከትርንጎ ማሳ ጋር ይዋሰናል። የእሷ ከላይ ነው፣ የእሱ ከታች፤ በመካከል ጥቁር የድንበር ድንጋይ ተተክሏል። ዝሆን የሚያህል ድንጋይ ነው። ጓንጉል በየዓመቱ ለዘር ሲያርስ አንዲት ትልም ከትርንጎ በኩል ይቆርስና ድንጋዩን ወደ ላይ ያስጠጋዋል። ትርንጎ በሬ የላትም፤ በእኩል የሚያርስላት ሰውዬም ለሰው ድንበር ብሎ ዓይኑን አያደክምም። የምንጭ ውኃ የሚያረጥባት ያቺ የሚቆርሳት መሬት ደግሞ ገብሷ ሲንዠረገግ ለጉድ ነው። ጓንጉል ድንጋዩን የሚነካው በሥራ ቀን ብቻ ነበርና «ቢያንስ በዓል አልሻርኩም» እያለ ደልቶት ይተኛል።

የሰኔ ሚካኤልን ማኅበር የማውጣት ተራው የእሱ በሆነ ዓመት፣ በዋዜማው ጠዋት የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሰንበት ቤቱን ሊባርኩ መጡ። ጸበሉን ረጭተው ሲያበቁ ብቻውን ወደ ደጅ አወጡት።

«ምን አለህ ልጄ?» አሉት።

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። «ባለፈው ዓርብ አባቴ፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ ሳላውቅ ላስኩ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

«የትርንጎ ማሳ በየዓመቱ እየከሳ ነው።»

«ጎርፍ ይሆናላ አባቴ።»

«ድንጋይ ተሸክሞ ሽቅብ የሚወጣ ጎርፍ አገራችን ገብቷል በለኛ።»

ጓንጉል ጋቢውን አጣፋ፣ መልሶም ፈታ። አባ ወልደ ሰንበት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ጽዋው ከመዞሩ በፊት እንደ ወጋችን ‹የተበዳደለ አለ ወይ?› ብዬ እጠይቃለሁ። ትርንጎ እንደ ወትሮዋ ዝም ትላለች። አንተም ዝም ብለህ ጽዋውን ልትሰጣት ነው?»

«እመልሳለሁ አባቴ። ግን ነገ በዓል ነው፤ ድንጋይ አይነካም።»

«ዛሬስ በዓል ነው?»

«እስቲ መኸር ይግባ።»

«መኸር መግባቱን እንጂ አንተ መድረስህን ማን ነገረህ?»

ጓንጉል መውጫ ሲያጣ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። «እንግዲያው እግዜር ከወደደው ምልክት ያሳየኝ። አንዲት ነጎድጓድ ትበቃኛለች።»

«‹የባልንጀራህን ድንበር አትንካ› ብሎሃል። ከዚህ በላይ ምን እንዲጨምርልህ ነው?» ብለው አባ ወልደ ሰንበት በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ጓንጉል በሬዎቹን ነድቶ ማሳው ወረደ። ጠምዶ አንድ ትልም አወጣና ከድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ በሬዎቹን አቆመ። ያቺ ቁራጭ መሬት ብትሄድ ጎተራው እንደሚጎድል ያውቃል። እሱንስ በቻለው። የከበደው ስሙ ነው። ለዝንብ ብሎ ጋቢ የሚያጥበውን ሰው፣ ከነገ ጀምሮ አገሩ ሁሉ «ድንበር ገፊው» ሊለው ነው። ዝም ቢልስ? ዝም ቢል ማንም አይናገርም፤ ትርንጎም ጽዋዋን ተቀብላ ትጠጣለች። በዝምታ የሚያልፍ ነገር ነበር። እሱን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር፤ ከእሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያስገድደው አልነበረም።

ሰማዩ የተቀደደ ያኔ ነው። መብረቅ ወርዶ የማዶውን ወይራ ለሁለት ሰነጠቀው፤ አንዱ ግማሽ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ተንበረከኩ። የድንበሩ ድንጋይ እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ። ከደመናውም ውስጥ «ጓንጉል» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሌላ ጓንጉል እንዳይመስለው የአባቱን ስም ጨምሮ ነው የጠራው። ጓንጉል ያን የዝሆን ድንጋይ በአንድ እጁ አንሥቶ ከጥንት ቦታው ተከለው። ከዚያ ወደ ትርንጎ ደጅ ገሥግሦ፣ አራት ቀበሌ በሚሰማ ድምፅ «የነጠቅሁሽን መልሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት።

በማግስቱ አባ ወልደ ሰንበት ጽዋውን ይዘው «የተበዳደለ አለ ወይ?» ሲሉ፣ ጓንጉል ከማኅበርተኞቹ መካከል ተነሣ። «እኔ አለሁ። የእትዬ ትርንጎን ድንበር ስገፋ ኖሬያለሁ» አለ። ጽዋውን ከአባ ተቀብሎ በሁለት እጁ ሰጣት፤ እሷም ጠጥታ መለሰችለት።

ይህን ታሪክ በዓመቱ፣ ተራው የትርንጎ ሆኖ በቤቷ በተሰበሰብንበት ቀን፣ ልክ እንዲህ አድርጌ አወራሁት። የምንጠጣው ጠላ ከዚያችው ከተመለሰችው መሬት ገብስ የተጠመቀ ነው። ነጎድጓዱ ጋ ስደርስ ሴቶቹ አማተቡ፣ አንድ ሽማግሌ አለቀሱ። ጓንጉል ግን ዋንጫው ውስጥ እያየ ቀረ።

«ያን ዓመት ዝናቡም ዘግይቶ ነበር» አለች ትርንጎ፣ ጋኑን እያዘነበለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል በዝግታ።

«መብረቁስ?» አልኳት።

«መብረቅ አልነበረም። ጎመን እየቀነጠስኩ ከጓሮዬ አየው ነበር፤ እሱ እኔን አላየኝም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አያ ጓንጉል ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ እንዳንጋጠጠ ቆየ፣ ቆየ። ምንም የመጣ ነገር የለም። በኋላ ተነሥቶ በሬዎቹን ፈታና ድንጋዩን ታቀፈው። ድንጋዩም እንስራ ቢያህል ነው፤ የከበደው እሱ አልነበረም። ደጄ መጥቶ ስሜን ጠራና ቃል ጠፋው። እኔም ግባ አልኩት።»

ያ የተሰነጠቀ ወይራ ድንገት ገጥሞ ሲቆም ታየኝ።

«ታዲያ ያለ ምልክት ምን አስነሣው?» አልኩ፣ እጅ ላለመስጠት።

ትርንጎ ጓንጉልን አየት አደረገችና ዋንጫዬን እስከ አፉ እየሞላች፣ «እግዜርን የሚሰማ ነጎድጓድ አይጠብቅም» አለችኝ።